የክንድ መለኪያው የማይናገረው፦ ርዳታ ሲቀንስ ለመቅረት የተጋለጠው የእናት ቃል

በአፍሪካ ቀንድ በድርቅ፣ በጦርነትና በመፈናቀል በተጎዱ አካባቢዎች የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በአብዛኛው የሚለዩት በአንዲት ባለቀለም ጥብጣብ ነው። ጥብጣቧ በሕፃኑ የላይኛው ክንድ መሐል ላይ ትጠመጠማለች። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ሕፃን ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ቀዩ ቀለም ከታየ፣ ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት አለበት ይባላል። ቢጫው ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያለውን መካከለኛ እጥረት ያመለክታል። ልኬቱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውም በጥቂት ሥልጠና ሊሠራው ይችላል።

ሆኖም በአንድ ሰልፍ ላይ ቆመው ክንዳቸው እኩል 11.2 ሴንቲ ሜትር የተለካ ሁለት ሕፃናትን እናስብ። አንደኛው ቤተሰቡ ከብቶቹን በድርቅ በማጣቱ ወተት የተቋረጠበት፣ ነገር ግን የቀረበለትን ሁሉ የሚበላ ሕፃን ነው። ሌላኛው ከሦስት ሳምንት በፊት ኩፍኝ ወጥቶበት፣ ከዚያ ወዲህ ተቅማጥ ያልለቀቀውና ከትናንት ጀምሮ ጡት መሳብ ያቃተው ነው። ጥብጣቧ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም ታሳያለች። የመጀመሪያው በየሳምንቱ እየተመላለሰ አልሚ ምግብ ቢሰጠው ከእናቱ ቤት ሳይለይ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለተኛው ግን ዛሬውኑ ተኝቶ መታከም ይኖርበታል፤ ካልታከመም በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሁለቱን የሚለያቸው የጤና ባለሙያው የሚያደርገው ምርመራ እና እናት ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ነው።

የሕመም ታሪክን መጠየቅ መድኃኒት ወይም ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው ጊዜ፣ ቋንቋና መተማመን ነው። በቀጠናው የርዳታ ገንዘብ ባሽቆለቆለበት በዚህ ወቅት ደግሞ ከሁሉ በላይ እየጠፉ ያሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ከእናቶች አንደበት የተወሰደ ስም

የምግብ እጥረት ሕክምና ዋነኛ ዕውቀቶች ከሚዛንና ከመለኪያ ብቻ የመጡ አይደሉም። በአውሮፓውያኑ 1930ዎቹ የሕፃናት ሐኪሟ ሲሲሊ ዊሊያምስ በዛሬዋ ጋና፣ በዚያን ጊዜ ጎልድ ኮስት በምትባለው የብሪታኒያ ቅኝ ግዛት ስትሠራ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳና ቆዳቸው የተላጠ ሕፃናት ይገጥሟት ነበር። የአካባቢው የጋ ቋንቋ ተናጋሪዎች ለሕመሙ ቀድሞውንም ስም ነበራቸው፦ ክዋሺዮርኮር። ቃሉ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን ልጅ የሚይዘውን ሕመም የሚገልጽ ነው። ዊሊያምስ በ1935 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ ስም ተጠቀመች፤ ስሙም እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

ስሙ ራሱ የሕመም ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ጡት መቼ እንደተወ፣ ለምን እንደተወ፣ ከዚያም በኋላ ምን ይመገብ እንደነበር በአንድ ቃል ይናገራል። እብጠቱን በትክክል የሚያመጣው ምን እንደሆነ ተመራማሪዎች ዘጠና ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላም ይከራከራሉ። እናቶቹ የተናገሩት ቅደም ተከተል ግን ዛሬም በየጤና ኬላው ከሚጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

መልሱ ምን ይወስናል?

ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃን ሁሉ በአንድ ወቅት ሆስፒታል ተኝቶ ይታከም ነበር። ይህን አሠራር ከቀየሩት ሙከራዎች መካከል ቀዳሚዎቹ በ2000 ገደማ በኢትዮጵያ ተካሂደዋል። ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የሚዘጋጀው፣ ብዙዎች ፕላምፒናት በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት አልሚ ምግብ ውሃ ሳይቀላቀልበትና ሳይበስል በቤት ውስጥ ሊበላ ስለሚችል፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ እንዲታከሙ በር ከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራምን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2007 በጋራ ባወጡት መግለጫ ይህንን አሠራር ደገፉ። ኢትዮጵያም ከ2003 ጀምሮ በዘረጋችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አማካይነት ሕክምናውን እስከ ጤና ኬላ አወረደችው።

አሠራሩ ግን የቆመው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው፤ ቤቱ ሆኖ መታከም የሚችለውን ተኝቶ መታከም ካለበት ለይቶ ማወቅ። የጤና ሠራተኛዋ ሕፃኑ የምግብ ፍላጎት እንዳለው ለማየት አልሚ ምግቡን በፊቷ ታበላዋለች። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣቷ ተጭና እብጠት መኖሩን ትፈትሻለች። ከዚያም ትጠይቃለች። የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦት ያውቃል? ይጠጣል፣ ይጠባል? ተቅማጡ ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው፣ በቀንስ ስንት ጊዜ ያስቀምጠዋል? ሳል ከያዘው ቆየ? በቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው አለ? በቅርቡ ኩፍኝ ወጥቶበታል? ክትባቱን ጨርሷል?

ከነዚህ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ በምርመራ ሊተኩ አይችሉም። በጣም በከሳ ሕፃን ላይ ድርቀትን መለየት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሌላ ሕፃን ላይ ዓይን ሲጎደጉድ ወይም ቆንጠጥ የተደረገ ቆዳ ቶሎ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሲቀር ሰውነት ፈሳሽ እንዳጣ ይታወቃል። የከሳ ሕፃን ግን ምንም ፈሳሽ ሳያጣም ዓይኑ ሊጎደጉድ፣ ቆዳውም ሊላላ ይችላል። ድርቀት ነው ተብሎ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ቢሰጠው የደከመው ልቡ ላይችለው ይችላል። በዚህ ምክንያት የሕክምና መመሪያዎች እናትን መጠየቅን ያስቀድማሉ፦ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ነበረው? ዓይኑ እንዲህ የሆነው አሁን ነው ወይስ ቆይቷል? «ከትናንት ወዲህ ነው» እና «ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ነው» የሚሉት ሁለት መልሶች ወደ ሁለት የተለያዩ ሕክምናዎች ይመራሉ።

በኢንፌክሽን ረገድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በረሃብ የተዳከመ ሰውነት ትኩሳት ለማምጣት እንኳ አቅም ሊያጣ ስለሚችል የሙቀት መለኪያው ዝቅ ብሎ መታየቱ ሕፃኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሌሊቱን ሲያቃስት እንዳደረ ወይም ከሁለት ቀን ወዲህ ጡት አልይዝ እንዳለ የምታውቀው እናቱ ናት።

የኮቤ ትምህርት

በ2011 በሶማሊያ ረሃብ በታወጀበት ወቅት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ አካባቢ ወደሚገኙ መጠለያዎች ገብተዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ በተከፈተው የኮቤ መጠለያ በአማካይ በየቀኑ አሥር ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ይሞቱ እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ነሐሴ ላይ አስታውቆ ነበር። ዋናው መንስኤ የምግብ እጥረት ቢሆንም የኩፍኝ ወረርሽኝ ተደርቦበት ነበር።

ሁለቱ እርስ በርስ የሚመጋገቡ ናቸው። ኩፍኝ የሰውነትን የመከላከል አቅም ለወራት ያዳክማል፤ የምግብ እጥረትም ኩፍኝን ገዳይ ያደርገዋል። በሶማሊያ የክትባት አገልግሎት በጦርነት ለዓመታት ተቋርጦ ስለነበር ሕመሙ በኬንያው ዳዳብ መጠለያ አዋቂዎችን ሳይቀር አጥቅቷል። አዲስ የገባ ቤተሰብ የሚመዘገብበት ጠረጴዛ ላይ «ልጆቹ ተከትበዋል? በመንገድ ላይ ሽፍታ የወጣበት ነበር?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች መኖራቸው አልሚ ምግብ ከማደል ባልተናነሰ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በሶማሊያው ረሃብ ወደ 260 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ከዚያ በኋላ የወጣ ጥናት የገመተ ሲሆን፣ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። በእንዲህ ዓይነት ረሃብ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዋን በትር የሚያሳርፉት ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ናቸው።

ጥያቄው ለምን መልስ ያጣል?

የሕመም ታሪክ መሰብሰብ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን መልሱን የሚያጣምሙ ብዙ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው አነጋገር ነው። «ልጅሽ ታሟል?» ተብላ የተጠየቀች እናት ሕፃኑ በቀን ስድስት ጊዜ እያስቀመጠውም «አልታመመም» ልትል ትችላለች፤ ተቅማጡ ጥርስ ሊያበቅል ሲል የሚመጣ ነው ብላ ታምናለችና። «ዓይን አይቶት ነው» የምትልም አትጠፋም። ዕድሜን ማወቅም እንዲሁ የራሱ ጥበብ አለው። የልደት ምዝገባ ባልተለመደበት አካባቢ የዳሰሳ ጥናት ባለሙያዎች የአካባቢ ክስተቶች የተዘረዘሩበት የዘመን መቁጠሪያ ይዘው ይዞራሉ። ሕፃኑ ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ የተወለደው፣ ከረመዳን በፊት ወይስ ከድርቁ ወዲህ እያሉ ወሩን ይገምታሉ።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሶማሌ ማኅበረሰቦች ተቅማጥና ትውከት ያመጣል በሚል እምነት የሕፃንን ገና ያልበቀለ ጥርስ ከድድ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ድርጊቱ መድማትን፣ ኢንፌክሽንንና ጡት አለመያዝን ሊያስከትል ስለሚችል ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። ሆኖም ለዓመታት «ጎጂ ልማድ» ተብሎ ሲወገዝ የሰማች እናት፣ ጥያቄው በቁጣ ከቀረበላት መደበቅን ትመርጣለች።

ሦስተኛው ደግሞ ምሥጢር አለመኖሩ ነው። ሕፃኑ ለሕክምናው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ኤችአይቪና ሳንባ ነቀርሳ ሊጠረጠሩ ይገባል። ይሁንና ጥያቄው የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በዛፍ ጥላ ወይም በድንኳን ሥር፣ ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶች ባሉበት ነው። በጋምቤላ ከደቡብ ሱዳን የመጡ የኑዌር ተናጋሪዎች፣ በኬንያው ካኩማ ደግሞ ከብዙ አገሮች የተሰባሰቡ ስደተኞች ከባለሙያው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የመንደር ሰው ወይም ዘመድ ሲሆን፣ አማቷ ባጠገቧ የቆመች ሴት ስለ ራሷ ሕመም እውነቱን ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

አራተኛው ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ መልሱ ከራሽን ጋር መያያዙ። የታመመውን ልጅ አልሚ ምግብ ለወንድሞቹ ያካፈለች እናት ብትናገር የምትቀጣ ስለሚመስላት «እሱ ብቻ ነው የበላው» ትላለች። ባለሙያውም ሕፃኑ ክብደት ያልጨመረው በሌላ በሽታ ምክንያት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። እናትየዋ ዋሸች ብሎ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን አንድ መልስ የቤተሰቡን እንጀራ የሚያስቆርጥ ከሆነ ጥያቄው የሕክምና ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ሐኪም የሚጠይቀው ለማከም፣ ራሽን የሚያድለው አካል የሚጠይቀው ደግሞ ለመቆጣጠር መሆኑን እናቶች ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚጎዳው የሕክምናው ጥያቄ ነው።

ፍጥነት ወይስ ዕውቀት?

ባለፉት ዓመታት የምግብ እጥረት ሕክምናን የማቅለል እንቅስቃሴ ተስፋፍቷል። እናቶች ራሳቸው የልጆቻቸውን ክንድ እንዲለኩ ይሠለጥናሉ፤ መካከለኛና ከፍተኛ እጥረት ያለባቸው ሕፃናትም በአንድ ዓይነት አልሚ ምግብ እንዲታከሙ ይደረጋል። በኬንያና በደቡብ ሱዳን ተካሂዶ ውጤቱ በ2020 የታተመ ጥናት፣ በተቀናጀው ቀላል አሠራር የታከሙ ሕፃናት የመዳን መጠን ከነባሩ እንደማያንስ፣ ወጪውም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ረጅም ቃለ መጠይቅ በበዛ ቁጥር የሚታዩት ሕፃናት ቁጥር ይቀንሳል፤ ከጤና ኬላው ሰዓታት ርቃ የምትኖር አርብቶ አደር እናት ደግሞ ከሰልፉ ተመልሳ ልትሄድ ትችላለች። በአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላይ ክትባት፣ ወሊድ፣ ወባና ሪፖርት ሁሉ ተጭኖ እያለ አምስት ገጽ ቅጽ እንድትሞላ መጠበቅ ተገቢ አይሆንም።

ሆኖም በዚያ ጥናት የቀለለው የምርቱ ዓይነት፣ መጠኑና መለኪያው ነው። የአደጋ ምልክት ያለበትን ሕፃን ለይቶ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ አልቀረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው አዲስ መመሪያም ጥያቄውን አላጠበበውም። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር አንድ ላይ ማየትን፣ የሕክምናውን ቦታ ሲወስኑም ከሕመሙ በተጨማሪ የቤተሰቡን ሁኔታ ማጤንን ይጠይቃል። ማቅለል ማለት አለመጠየቅ ማለት ነው የሚለው ትርጉም ከጥናቱም ከመመሪያውም አልመጣም፤ የሚመጣው ከሰው ኃይልና ከገንዘብ እጥረት ነው።

እጥረቱ ደግሞ እውነተኛ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሚያዝያ 2025 በኢትዮጵያ ለ650 ሺህ የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና በገንዘብ እጥረት ለማቋረጥ መገደዱን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታን ማገዱን ተከትሎ፣ በ1985 የተመሠረተው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ ሥራው ተቋርጦ ነበር። በበርካታ አገሮች የቤተሰብ ጤና ጥናቶችን ሲደግፍ የቆየው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ፕሮግራምም እንዲሁ ተቋርጦ ነበር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ሕፃናት ተቅማጥ ያዛቸው፣ ስንቱስ በካርድ የተረጋገጠ የኩፍኝ ክትባት አግኝተዋል የሚሉ ጥያቄዎች የሚመለሱት በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ነው። አልሚ ምግብ ሲያልቅ ባዶ መጋዘን ይታያል፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን የትም አይታይም።

ድንበር የማይሻገር ካርድ

የተጠየቀው ታሪክ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየውም ሌላው ጉዳይ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2021 በትግራይ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት በመደበኛ ሁኔታ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውቋል፤ 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ተዘርፈዋል። ተቋም ሲዘረፍ መዝገቡም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ወሰን ላይ ደግሞ ግጦሽ ፍለጋ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ የሳምንታት ሕክምናውን በአንዱ አገር ጀምሮ በሌላው አገር ሊጨርስ ይገደዳል። አዲሱ ጣቢያ ሕፃኑ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደወሰደ፣ ክብደቱ ከስንት እንደተነሳ የሚያውቀው እናትየዋ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ካቆየችው ብቻ ነው።

መረጃውን በዲጂታል መዝገብ ማኖር መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ የራሱ አደጋ ግን አለው። የኤችአይቪ ወይም የመደፈር ታሪክ የያዘ መዝገብ የርዳታ ተቀባዮችን ማንነት ከሚያጣራ መዝገብ ጋር ከተቀላቀለ፣ ሴቶች ለሐኪም መናገራቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። ኬንያና ኡጋንዳ በ2019፣ ሶማሊያ በ2023፣ ኢትዮጵያ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕጎችን አውጥተዋል። ሕጎቹ የጤና መረጃን ይጠብቃሉ። ይህ ጥበቃ በድንኳን ውስጥ በተቀመጠው ጠረጴዛ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው መወሰን ግን ለመንግሥታትና ለርዳታ ድርጅቶች የቀረ ሥራ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ከሁሉም በላይ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። የአደጋ ምልክቶችን፣ ኩፍኝን፣ ተቅማጥን፣ ሳልንና ጡት መጥባትን የሚመለከቱ ጥቂት ጥያቄዎች ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም የማይቀሩ ተደርገው ሊያዙ ይችላሉ። ኤችአይቪንና ጥቃትን የሚመለከቱት ለብቻ በሚነጋገሩበት ቦታ ይቆዩ፤ ራሽንን የሚመለከቱት ደግሞ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ይነሱ። የእናትየዋ ካርድም በሚቀጥለው ጣቢያ፣ ድንበር ማዶም ቢሆን፣ ሊነበብ በሚችል ቋንቋ ይጻፍ።

ለጋሾች የርዳታን ውጤት የሚጠይቁት በቁጥር ነው፤ ስንት ሕፃናት ተለኩ፣ ስንት ካርቶን አልሚ ምግብ ታደለ ይላሉ። እነዚህ አስፈላጊ ቁጥሮች ናቸው። በተመሳሳይ ቀለም ከተለኩት ሁለት ሕፃናት ሁለተኛው በወቅቱ ስለመለየቱ ግን አይናገሩም። ይህን ለማወቅ ከስንቶቹ እናቶች ጋር ንግግር ተደርጓል፣ ከስንቶቹስ መልስ በኋላ ሕፃኑ ወደ ተሻለ ሕክምና ተልኳል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እስካሁን በርዳታ ሪፖርቶች ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ነው።